እብጠትን ከእብጠት ለመለየት የደከሙት ሐኪም፦ ሩዶልፍ ቪርሾ

በአማርኛ ነቀርሳ የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ደዌዎችን ሲጠራ ኖሯል። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ቲቢ ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ካንሰር ነው። ስሙ መደራረቡ አያስገርምም። ሁለቱም በአንገት ወይም በብብት ሥር እንደ ንፍፊት ብቅ ሊሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሰውን ያከሳሉ፣ አቅሙንም ያሟጥጣሉ። ዐይንና ጣት ብቻቸውን አይለዩዋቸውም። የሚከተለው ሕክምና ግን ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው መሳት ሕይወት ያስከፍላል።

ዛሬ ሐኪም ከእብጠት ላይ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የሚልከው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርሾ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የሕይወታቸው ታሪክ የማይክሮስኮፕን ኃይልም ወሰኑንም ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

ቪርሾ ጥቅምት 13 ቀን 1821 በፖሜራኒያ፣ ሺፈልባይን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው ገበሬ ሲሆኑ የከተማይቱ ገንዘብ ያዥም ነበሩ። ቤተሰቡ ሀብታም ስላልነበረ ልጁ በ1839 በርሊን ወደሚገኘው የጦር ሐኪሞች ማሠልጠኛ ገቡ። ትምህርቱ በመንግሥት ወጪ የሚሰጥ ነበር። በ1843 በሕክምና ተመርቀው ሻሪቴ በተባለው ሆስፒታል አስከሬን እየመረመሩ የሞትን ምክንያት በማጥናት ሥራ ላይ ተሰማሩ።

የመጀመሪያው ትልቅ ግኝታቸው በ1845 መጣ፤ ዕድሜያቸው ገና 24 ዓመት ነበር። የአንዲት ሟች ሴት አስከሬን ሲመረመር ጣፊያዋ ከመጠን በላይ አብጦ፣ ደሟም ነጣ ብሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ ተመሳሳይ ሕመምተኛ የመረመሩት ጆን ሂዩዝ ቤኔት ነገሩ ደም ውስጥ የገባ መግል እንደሆነ አስበው ነበር። ቪርሾ ግን በአካሏ ውስጥ መግል ሊያመነጭ የሚችል ቁስል አላገኙም። ያዩት ነጭ የደም ሕዋሳት ልክ አጥተው መብዛታቸውን ነው። በ1847 ለበሽታው ሉኬሚያ የሚል ስም ሰጡት፤ እኛ የደም ካንሰር የምንለው ነው። መግል ሰውነት ከተህዋስ ጋር ሲዋጋ የሚያፈራው ነው፤ ሉኬሚያ ግን የሰውነት የራሱ ሕዋስ ሥርዐት አጥቶ ሲራባ የሚመጣ ነው።

በ1848 መጀመሪያ የፕሩሲያ መንግሥት የተስቦ ወረርሽኝ ወዳደቀቃት የላይኛው ሲሌሲያ ቪርሾን ላከ። በዚያ ያገኙት ረኃብተኛና መሬት አልባ ሕዝብ ነበር። ባቀረቡት ዘገባ መድኃኒት ብቻ በቂ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ እንዲማር፣ መንገድ እንዲሠራለት፣ እርሻው እንዲሻሻልና በራሱ ጉዳይ እንዲወስን ጠየቁ። ወደ በርሊን በተመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዮት ሲፈነዳ ከዐመፀኞቹ ጎን ቆሙ። በዚህም የመንግሥት ቅሬታ ስለደረሰባቸው በ1849 ወደ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በርሊን በ1856 መልሳ ስትጠራቸው አዲስ የተቋቋመው የፓቶሎጂ ተቋም ኃላፊ ሆኑ።

በ1858 ያሳተሙት የሕዋስ ፓቶሎጂ መጽሐፍ የሕክምናን አስተሳሰብ ለወጠ። ከሒፖክራጥስ ዘመን ጀምሮ በሽታ የሰውነት ፈሳሾች መዛባት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቪርሾ ግን እያንዳንዱ ሕዋስ ከቀደመው ሕዋስ እንደሚወለድ፣ በሽታም በሕዋስ ላይ የሚደርስ ለውጥ እንደሆነ አስተማሩ። ለዕጢ ጥናት የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። እንክርዳድ ስንዴ ቢመስልም ከሌላ ዘር የበቀለ አረም ነው። ካንሰር ግን ከሰውነት የራሱ ዘር የሚወጣ፣ የማሳውን ድንበር የማያውቅ አዝመራ ነው። ፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ሕዋሳቱ መልክና መጠናቸው ተዘበራርቋል ወይ፣ ከልክ በላይ እየተከፈሉ ነው ወይ፣ ወሰናቸውን ጥሰው ወደ ጎረቤት ሕብረ ሕዋስ ገብተዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በቲቢ ያበጠ ንፍፊት ውስጥ የሚታየው ሌላ ነው፤ ተህዋስን የከበቡ የመከላከያ ሕዋሳት ክምችትና በመካከሉ እንደ አይብ የፈረፈረ የሞተ ሥጋ ነው። በአዮዲን እጥረት በመጣ እንቅርት ደግሞ ሕዋሳቱ ቢበዙም ሥርዐታቸውን እንደያዙ ይገኛሉ።

ቪርሾ ራሳቸው ይህን ሁሉ ለይተው አልጨረሱም። ከ1863 ጀምሮ ባሳተሙት የዕጢዎች ጥናት የቲቢን እብጠት ከዕጢዎች ጋር መድበውት ነበር። ሮበርት ኮኽ በ1882 የቲቢን ተህዋስ ሲያሳዩም በቀላሉ አልተቀበሉም። ካንሰር ከአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ይነሣል የሚለውን ሐሳባቸውንም ካርል ቲርሽና ቪልሄልም ቫልዳየር የተባሉ ተመራማሪዎች አፍርሰውታል። እነርሱ ብዙው ካንሰር የሰውነትን ገጽና ቱቦ ከሚሸፍኑ ሕዋሳት እንደሚነሣ አረጋገጡ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1887 ነው። የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ ድምፃቸው ለወራት ጎረነነ፤ በድምፅ አውታራቸውም ላይ እብጠት ታየ። የጀርመን ሐኪሞች ካንሰር ነው ብለው ስለጠረጠሩ ማንቁርታቸውን ከፍተው ለማውጣት ተዘጋጁ። ቀዶ ሕክምናው በዚያ ዘመን እጅግ አደገኛ ነበር። ከለንደን የተጠሩት ሞሬል ማኬንዚ ግን አስቀድሞ ናሙና ይመርመር አሉ። ከእብጠቱ የተቆረሰው ትንሽ ቁራጭ ወደ ቪርሾ ተላከ፤ በተከታታይ ሳምንታትም ሌሎች ተጨመሩ። ቪርሾ በተሰጣቸው ቁራጭ ውስጥ የካንሰር ምልክት አላገኙም። ያዩት የቆዳው መወፈር ነበር። መልሳቸውም ስለቀረበላቸው ቁራጭ እንጂ ስለ መላው እብጠት አልነበረም።

ሰሚው ግን ሁለቱን አልለየም። ቀዶ ሕክምናው ቀረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ እብጠቱ ካንሰር መሆኑ ግልጽ ሆነ፤ በየካቲት 1888 ፍሬድሪክ እንዲተነፍሱ ጉሮሯቸው በስቶ ቱቦ ገባላቸው። መጋቢት 9 አባታቸው ሲሞቱ ዙፋኑን ወረሱ፤ ለ99 ቀናት ብቻ ነግሠው ሰኔ 15 ዐረፉ። አስከሬኑ ሲመረመር ከመርማሪዎቹ መካከል ቪርሾ ራሳቸው ነበሩ፤ የማንቁርት ካንሰር መሆኑም ተረጋገጠ። ዙፋኑ ለልጃቸው ለዳግማዊ ቪልሄልም ተላለፈ፤ ጀርመንም ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በእርሳቸው ዘመን ነው።

ቪርሾ ይህን ሁሉ ሲሠሩ የሕዝብ ተመራጭም ነበሩ። ከ1859 ጀምሮ በበርሊን ከተማ ምክር ቤት፣ በኋላም በፕሩሲያና በጀርመን ምክር ቤቶች ተቀምጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ቢስማርክን ተቃወሙ። በ1865 ቢስማርክ በመሣሪያ እንዲገጥሟቸው ጠየቋቸው፤ ቪርሾ ግን አልተቀበሉም። ትሪኪና የሚባለው ትል ከአሳማ ሥጋ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አጥንተው ሥጋ ከመሸጡ በፊት እንዲመረመር ታገሉ። እኛ ዘንድ የቄራ መርማሪ በከብት ሥጋ ውስጥ የኮሶ ትል እጭ የሚፈልገው ከዚሁ ጋር በሚዛመድ አስተሳሰብ ነው። የበርሊን ፍሳሽ በቦይ ተሰብስቦ ከከተማ ውጭ ያሉ ማሳዎችን እንዲያጠጣ የተደረገውም በእርሳቸው ድጋፍ ነበር።

በ1899 ከ20 ሺህ በላይ ናሙናዎችን የያዘ የፓቶሎጂ ሙዚየም ከፈቱ። በጥር 1902 ከትራም ሲወርዱ ወድቀው የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አላገገሙም፤ መስከረም 5 ቀን 1902 በ80 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከአልጋ ወራሹ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለምዕራብ ሸዋ ነዋሪም ይጠቅማል። በሀገራችን ፓቶሎጂስቶች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በትልልቅ ከተሞች ይገኛሉ። ስለዚህ በጌዶ፣ በባኮ፣ በጊንጪ ወይም በጉደር የሚኖር ሰው ለምርመራ ወደ አምቦ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ ሊነገረው ይችላል። ገበሬ በእርሻ ወቅት መንገዱም ወጪውም ይከብደዋል። ሆኖም በአንገት ላይ የቆየ እብጠት ቲቢ ከሆነ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ቀድሞ መታወቁ የመዳን ዕድልን ያሰፋል። እብጠቱን ሳያስመረምሩ ማስተኮስ ወይም ማስበጣት ግን ሁለቱንም ሳይለይ ጊዜን ይበላል።

ካንሰር የለም የሚል ውጤት የሚናገረው ስለተወሰደው ናሙና ብቻ ነው። ውጤቱ መልካም ሆኖ ሳለ እብጠቱ እያደገ ከሄደ፣ የድምፅ መጎርነን ከሦስት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ወይም ሰውነት ከከሳ፣ የቀደመውን የምርመራ ወረቀት ይዞ ወደ ሐኪም መመለስና ምርመራው እንዲደገም መጠየቅ ይገባል።