በራሳቸው ጉዳይ የፈረዱት ሐኪም

የሕግ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚያውቀው አንድ መርህ አለ። ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም። መርሁ የመጣው ዳኞችን ሁሉ እንደ አጭበርባሪ ከመጠርጠር አይደለም። ሐቀኛ የሚባለው ሰው እንኳ ጉዳዩ የራሱ ሲሆን ማየት የሚፈልገውን ብቻ እንደሚያይ ከማወቅ የመጣ ነው። ይህ መርህ ከችሎት አልፎ ለሐኪም ቤትም እንደሚያስፈልግ የሚያስተምረን የአንድ ሰው ሕይወት አለ። ሰውየው ፖርቱጋላዊው ሐኪም አንቶኒዮ ኤጋስ ሞኒዝ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞኒዝ በ1874 አቫንካ በምትባል መንደር ተወለዱ። በኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1911 በሊዝበን የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። ይሁንና አንድ ሙያ ብቻ የሚበቃቸው ሰው አልነበሩም። ከ1903 እስከ 1917 የፓርላማ አባል ነበሩ። ቀጥለውም በስፔን የአገራቸው አምባሳደር፣ ከዚያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ በፓሪሱ የሰላም ጉባዔ የፖርቱጋልን ልዑካን መርተዋል።

ፖለቲካውን ትተው ወደ ምርምር ሲመለሱ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር። ቢሆንም በ1927 ትልቅ ሥራ ሠሩ። ወደ አንጎል በሚወስደው የደም ሥር ውስጥ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በመርጨት የአንጎልን የደም ሥሮች በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ አሳዩ። በአንጎል ውስጥ የተደበቀ ዕጢ የት እንዳለ በዚህ ዘዴ ማወቅ ይቻል ነበር። እየተሻሻለ መጥቶ ዛሬም ይሠራበታል። ሞኒዝ በዚህ ሥራቸው ለኖቤል ሽልማት ከአንድም ሁለት ጊዜ ቢታጩም አላገኙትም። ታሪካቸው እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ ሁሉ በምስጋና ብቻ ባነሣቸው ነበር።

በ1930ዎቹ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ነበር። ስኪዞፍሬንያ የያዘው ሰው አንዴ ከገባ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። ሐኪሞቹም የጨነቀው ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ይሞክሩ ነበር። አንዱ በሽተኛውን በኢንሱሊን ራሱን እንዲስት ያደርገዋል፤ ሌላው በመድኃኒት ያንቀጠቅጠዋል። የሞኒዝን ሥራ ስንመዝን ይህን ጭንቀት መርሳት ፍትሐዊ አይሆንም። ቤተሰብም ሐኪምም ተስፋ ተርበው ነበር።

በነሐሴ 1935 ለንደን ላይ በተካሄደ የነርቭ ሐኪሞች ጉባዔ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ፉልተንና ጃኮብሰን፣ የፊተኛው የአንጎል ክፍላቸው ስለተወገደ ሁለት ቺምፓንዚዎች አስረዱ። አንደኛዋ ቁጡ የነበረች ስትሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ረጋች። ሌላዋ ግን ተቃራኒውን ባሕርይ አሳየች። ሞኒዝ ሐሳቡ ከዚያ በፊትም እንደነበራቸው ኋላ ላይ ጽፈዋል። ያም ሆነ ይህ ከጉባዔው ወዲህ ሦስት ወር ገደማ ብቻ ቆይተው በሰው ላይ ጀመሩ።

ኅዳር 12 ቀን 1935 በሊዝበን ሳንታ ማርታ ሆስፒታል አንዲት የ63 ዓመት ሴት ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ወጡ። የሞኒዝ እጆች ከወጣትነታቸው ጀምሮ በሪህ የተጎዱ ስለነበሩ ቢላዋውን የያዙት ባልደረባቸው አልሜዳ ሊማ ናቸው። የራስ ቅሉ ሁለት ቦታ ተበሳና ከፊተኛው የአንጎል ክፍል የሚነሡትን የነርቭ ገመዶች የሚያጠፋ አልኮል ተረጨ። ከጥቂት ሕሙማን በኋላ አልኮሉ ቀርቶ ገመዶቹን የሚቆርጥ ልዩ መሣሪያ ተሠራ። ዓለም ኋላ ሎቦቶሚ ብሎ የጠራው ሕክምና የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሞኒዝ በ1936 የ20 ሕሙማንን ውጤት ይዘው ቀረቡ። 7ቱ ድነዋል፣ 7ቱ ተሽሏቸዋል፣ 6ቱ ባሉበት ናቸው አሉ። ከሰሙት ይልቅ ያልሰሙት ነገር ሊያሳስባቸው የሚገባ ብዙዎች ነበሩ። ለመሆኑ ዳነ የሚለውን የወሰነው ማን ነው? ሕክምናውን የፈጠሩት ሰው ናቸው። ከነማን ጋር ሲነጻጸር? ከማንም ጋር። ምን ያህል ጊዜ ተከታትለዋቸው? ለሳምንታት ብቻ። ሕሙማኑስ ተጠይቀው ፈቅደው ነበር? ያን ጊዜ ጥያቄው እንደ ጥያቄም አይቆጠርም ነበር። በዚያ ላይ ለብዙ ዓመት ስኪዞፍሬንያ የነበረባቸው ሕሙማን ከሕክምናው ያገኙት ጥቅም ትንሽ እንደነበር ከራሳቸው ከሞኒዝ ዘገባ ይነበባል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በሎቦቶሚ አንጎላቸው የተቆረጠው ሰዎች በብዛት የዚሁ ሕመም ተጠቂዎች ናቸው።

በወቅቱ የተቃወመ ሰው አልነበረም እንዳይባል ነበረ። የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን የላኩላቸው የአእምሮ ሐኪም ሶብራል ሲድ ውጤቱን አይተው ተጨማሪ ሕሙማን መስጠት እምቢ አሉ፤ የሞኒዝንም ሐሳብ በግልጽ ነቀፉ። ሰሚ ግን አላገኙም። የቀድሞው ሚኒስትር ስም ከእሳቸው ስም ይከብድ ነበር።

በመስከረም 1936 ዋልተር ፍሪማን የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ከቀዶ ሐኪሙ ከጄምስ ዋትስ ጋር ሕክምናውን በዋሽንግተን ጀመሩ። በ1941 የኋላው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ እህት ሮዝመሪ በ23 ዓመቷ ይህ ተደረገላት፤ ከዚያ በኋላ ራሷን ችላ ሳትኖር በ2005 ሞተች። በ1946 ፍሪማን የራስ ቅል መብሳቱን ትተው በዓይን ጉድጓድ በኩል መሣሪያ ማስገባት ያዙ። በአሜሪካ ብቻ 40,000 ለሚያህሉ ሰዎች ሎቦቶሚ ተደረገላቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገራችን ሰው፤ የተቆረጠ አንጎል ግን ተመልሶ አይታሰርም።

ሞኒዝ ራሳቸው በ1939 ስኪዞፍሬንያ የነበረበት አንድ በሽተኛቸው በጥይት መትቷቸው በሕይወት ተረፉ። ሰውየው ሎቦቶሚ የተደረገለት ነው እየተባለ የሚወራው እውነት አይደለም። በ1949 ደግሞ የኖቤል ሽልማቱን ከስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሄስ ጋር ተካፈሉ። ልብ በሉ፤ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ያለ ሰውየው ፈቃድ አይሁን የሚለው የኑረምበርግ ድንጋጌ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሽልማቱ በተሰጠ በዓመቱ፣ በ1950፣ ሶቪየት ኅብረት ሕክምናውን ከለከለች። ሞኒዝ በ1955 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952፣ ፓሪስ ውስጥ ዣን ደሌና ፒየር ደኒከር ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን እንደሚያረጋጋ አስታውቀው ነበር። ዋናው ለውጥ ግን መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም፤ የፍርድ አሰጣጡም ጭምር ነው። በ1957 እንግሊዝ ውስጥ የኢንሱሊኑ ሕክምና በሌላ መድኃኒት ከሚመጣ ራስን መሳት ጋር በዕጣ ተመድቦ ሲነጻጸር ኢንሱሊኑ ምንም ብልጫ እንደሌለው ታወቀ። ከሃያ ዓመት በላይ ሐኪሞች በዓይናችን አየን ሲሉለት የነበረ ሕክምና ነው። በ1964 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ9 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ወጣ። ሕሙማኑ በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ መድኃኒት፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ እንክብል ወሰዱ። የትኛው ለማን እንደደረሰ መርማሪዎቹም አያውቁም ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት ሦስት አራተኛ ያህሉ በግልጽ ሲሻላቸው፣ ባዶውን ከወሰዱት አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ተሻላቸው። በዚህ ላይ ሁለተኛውን ቁጥር እንመልከተው። ምንም ሳይወስድ የሚሻለው ሰው አለ ማለት ነው። ንጽጽር የሌለው ሐኪም ይህን ሁሉ ለራሱ ሕክምና ይቆጥረዋል።

የሕሙማን ቤተሰቦች የሞኒዝ ሽልማት እንዲሰረዝ ጠይቀው ነበር፤ አልተሰረዘም። በአገራቸው በገንዘብ ኖት ላይ ምስላቸው ወጥቶ ነበር፤ የተወለዱበትም ቤት ሙዚየም ሆኗል። በበኩሌ ሽልማቱን መንጠቅ የሚፈይደው ነገር አይታየኝም። ሞኒዝ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሕሙማንን ለመጉዳትም አልተነሡም። ጥፋታቸው ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም ራሳቸው መሆናቸው፣ ባለጉዳዩ ደግሞ በሩ ተዘግቶበት ውጭ መቅረቱ ነው።

በቤቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለው ሰው ፈውስ ተገኘ ሲባል ልቡ እንዴት እንደሚዘል ያውቃል። አይዘለል አይባልም። ነገር ግን የሚቀጥለው ድንቅ ሕክምና ሲነገረን፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ የዳኑትን ማን እንደቆጠረ፣ ከነማን ጋር እንዳነጻጸረ፣ ስንት ጊዜ እንደጠበቀ፣ ታማሚውንም እንደጠየቀ መጠየቅ አለብን። በ1935 እነዚህን አራት ጥያቄዎች አጥብቆ የያዘ ቢኖር ኖሮ፣ ሮዝመሪ ኬኔዲና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ራሳቸውን ይዘው በኖሩ ነበር።