ዋንጋሪ ማታይ፦ የመራቢያ እጢን ያጠኑት፣ በኦቫሪ ካንሰር ያለፉት የኖቤል ተሸላሚ

ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ በናይሮቢ ሕይወታቸው ያለፈው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር መስከረም 25/2011 ነበር። በ71 ዓመታቸው ለሞት የዳረጋቸው የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል እጢ ካንሰር ነው።

ዓለም የሚያውቃቸው በዛፍ ተከላ ቢሆንም ሙያቸው ሥነ ሕይወት ነበር። በ1940 በኒየሪ አካባቢ ኢሂቴ በተባለ መንደር የተወለዱት ማታይ፣ አሜሪካ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1971 በናይሮቢ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በዚህም ከምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች ቀዳሚ ሆኑ። ያጠኑት የከብት የመራቢያ እጢዎችን አፈጣጠርና ዕድገት ነበር።

በ1977 የግሪን ቤልት ንቅናቄን መሠረቱ። በ1989 በናይሮቢ መሃል ከተማ በሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊቆም ሲታቀድ በይፋ ተቃወሙ። በፓርላማ ቢዘለፉም የውጭ ባለሀብቶች አፈገፈጉ፤ ዕቅዱም ቀረ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኙ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በጃፓን ብክነትን የሚነቅፈውን ሞታይናይ የተሰኘ ቃል ሰምተው፣ ያገለገለን ዕቃ መልሶ ለመጠቀም በሚያደርጉት ቅስቀሳ መፈክራቸው አደረጉት።

ሕዋሳትም ያገለገለን መልሰው ይጠቀማሉ። ያረጁ ክፍሎቻቸውን አፍርሰው ለግንባታና ለኃይል ያውሏቸዋል። ሂደቱ ኦቶፋጂ ይባላል፤ አሠራሩን የገለጡት ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ማታይ ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ኖቤል ተሸልመውበታል።

ጤነኛ ሕዋስን የሚጠብቀው ይህ ሂደት ለካንሰርም መጠለያ ሊሆን ይችላል። በኬሞቴራፒ የተጎዳ ወይም ምግብ ያጠረው የኦቫሪ ካንሰር ሕዋስ የራሱን ክፍሎች እየበላ ሊሰነብትና በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህም ተመራማሪዎች ይህንን ስንቅ ለመዝጋት ይሞክራሉ። ከሚፈተሹት መድኃኒቶች አንዱ የወባ መድኃኒት የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ካንሰሩ ስኳርና ስብን ወደ ኃይል የሚቀይርበትን መንገድ ያነጣጥራሉ። ኦቶፋጂን ማገድ ግን እስካሁን መደበኛ ሕክምና አልሆነም። ጤነኛ ሕዋሳትም ስለሚፈልጉት ካንሰሩን ብቻ ለይቶ መምታት ከባድ ነው።

እስከዚያው ዋናው ፈተና በሽታውን በጊዜ ማወቅ ነው። የማይለቅ የሆድ መነፋት፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ ሕመምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ከተራ የሆድ ችግር ጋር ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው።

ማታይ ለቀብራቸው ዛፍ እንዳይቆረጥ ፈልገው ነበር። የአስከሬን ሣጥናቸው የተሠራው ከቀርከሃ፣ ከደንገልና ከእንቦጭ ነው።