ከቅኔ ጉባኤ እስከ ትምህርት ሚኒስቴር፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ለመምህርነት የተዘጋጁበት መንገድ

የዓባይን በረሓ አቋርጦ ደጀን አፋፍ ላይ የወጣ መንገደኛ ፊቱን ወደ ሰሜን ሲመልስ የሚዘረጋለት ደጋ በጤፉ ብቻ ሳይሆን በሊቃውንቱም የታወቀ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ የሚገኙት በዚሁ በኩል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ደግሞ ደብረ ኤልያስ አለ። በእነዚህ ጉባኤዎች መምህር ለመሆን የሚሻ ሰው ፈቃዱን የሚያገኘው ከመሥሪያ ቤት ሳይሆን ከመምህሩ አፍ ነበር። ተማሪው ግሱንና አገባቡን አጥንቶ፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይደርሳል። የቈጠረውን ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም በዚያው በሰው ፊት ያርመዋል። ብቃቱ የታየለት አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ይረዳል፤ ከዚያም በኋላ ተመርቆ የራሱን ጉባኤ ሊተክል ይሄዳል። ምዘናው ረጅም፣ ግልጽና ብዙ ምስክር ያለው ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ ለመምህርነት መዘጋጀት የጀመሩት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህኑ ከአባ ዓለማየሁ ሰሎሞንና ከወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ተወለዱ። ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተዘዋውረው ቅኔ ተማሩ። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ለኅብረተሰብ ጥናት ምን እንደሚያበረክት እስካሁን በቂ ትኩረት አልተሰጠውም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከደጅ ወደ ደጅ ቁራሽ የሚለምን ልጅ የባለጸጋውንም የጭሰኛውንም ቤት ከውጭ ሆኖ ያያል፤ ማን ከጎደለው ላይ ቈርሶ እንደሚሰጥ፣ ማንስ ከሞላው ቤት ውሻ እንደሚለቅ ያውቃል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጠይቅ ወረቀት በቀላሉ የሚሰበሰብ አይደለም።

ቀጥለው የመኪና መንገድ ገና ባልተዘረጋበት ዘመን ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። በመጀመሪያ በስዊድን ሚሲዮን፣ በኋላም በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ተከታተሉ። ወደ ጎጃም ሲመለሱ በጉምሩክ ጸሐፊነት፣ ከዚያም በዳንግላ በትምህርት ቤት ኃላፊነት አገለገሉ። የግዕዙ ጉባኤ ልጅ የዘመናዊው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሲሆን ሁለት የማስተማር ልማዶችን በአንድ ሰውነት መሸከሙ ነበር፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ሥራው ግን አልሰነበተም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሲገባ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶችም እስከ 1935 ዓ.ም. ገደማ በእስር ቆዩ። ስለዚህ ዘመን በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» በሰፊው ስለጻፉ እዚህ መድገም አያሻም።

ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዲፕሎማትነት አገለገሉ። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» እና «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተባሉትን መጻሕፍት አሳተሙ። የመምህራንን ዓይን ይበልጥ መሳብ የነበረበት ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም ልብ ወለዳቸውን በቃል ከሚያውቁት መምህራን መካከል የዚህን መጽሐፍ ርእስ እንኳ ያልሰማ አይጠፋም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ ቀጥሎም በለንደን አምባሳደር ሆነው ሠሩ። ሹመቱ አጭር ስለነበረ በእርሱ ብቻ እሳቸውን መመዘን ተገቢ አይሆንም።

ማኅበራዊ ኑሮን ለሚያስተምር ሰው ዋናው ሥራቸው በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ የደኻ ልጅ ነው፤ ተምሮ የዲማ ቅኔ መምህር ይሆናል፤ ሊቅነቱም የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ ያስከፍትለታል፤ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ፊደል ያስተምራታል። ጋብቻ ሲነሣ ግን ትውልድ እንጂ ሊቅነት አይቈጠርም። ማዕረግ በዕውቀት የሚገኝበትና ማዕረግ በዘር የሚወረስበት ሥርዓት በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን መኖራቸውን ከዚህ በተሻለ ያሳየ የአማርኛ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። ጉዱ ካሣ የተወለደበትን ወገን ከውስጥ ሆኖ ይመረምራል፤ የሚከፈለውም የመመርመር ዋጋ ነው፤ ዘመዶቹ እንደ እብድ ይቈጥሩታል። የፊታውራሪ ባላገሮች ከልማዱ በላይ ግብር ሲጠየቁ በአበጀ በለው መሪነት መነሣታቸው ደግሞ ልማድ ጭቈናን የሚሸከም ብቻ ሳይሆን ለተቃውሞም መለኪያ የሚሆን መሆኑን ያሳያል።

ያም ሆኖ መጽሐፉን እንደ ጥናት ዘገባ መውሰድ ስሕተት ነው። ደራሲው የሚነቅፉት ሥርዓት ባለሥልጣን የነበሩ ሰው ናቸው፤ የሣሉትም ጎጃም የልጅነታቸው ጎጃም ነው። በክፍል ውስጥ የሚጠቀምበት መምህር ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ወረዳ ጋብቻ፣ ዕድርና የመሬት ይዞታ አይተው ከመጽሐፉ ጋር እንዲያነጻጽሩ ቢያደርግ ልብ ወለዱ የጥያቄ ምንጭ ይሆናል። የደጀን ልጅ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ዲማ ሩቅ አገሩ አይደለም።

በ1966 ዓ.ም. ለውጡ በደረሰ ጊዜ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቅ መጽሐፍ ጻፉ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ታተሙ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ በዛብህንና ጉዱ ካሣን አወቃቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ዓ.ም. በኅዳር ወር አረፉ፤ ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተጠራ የባህል ጥናት ተቋም አለ።