ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በሕመሙ ወራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስም ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ልቡናችን የሚመጣው አንደበቱ ነው። የዕብራውያንን መልእክት የተረጐመበት ድርሳኑ በሊቃውንት ጉባኤ ይነገራል፤ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱም በስሙ ይጠራል። ይህን ሁሉ ያስተማረው አባት ከወጣትነቱ እስከ ዕረፍቱ ቀን ድረስ የሆድ ሕመም ያልተለየው መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም።

ቅዱሱ የተወለደው በአንጾኪያ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ፣ በሃያ ዓመቷ መበለት የሆነችው እናቱ አንቱሳ ሁለተኛ ሳታገባ አሳደገችው። የንግግር ጥበብን ከሊባንዮስ ከተማረ በኋላ ዓለምን ንቆ በከተማው አጠገብ ወዳለው ተራራ ወጣ። በዚያም ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር አራት ዓመት፣ ከዚያም በዋሻ ብቻውን ሁለት ዓመት ኖረ። በዋሻው ሳለ እንቅልፍን ለራሱ ከልክሎ፣ ጎኑን ሳያሳርፍ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር። ብርዱ ሆዱንና ኩላሊቱን ጎዳው። በዚያ ሆኖ ራሱን ማስታመም ስላልቻለ ወደ ከተማ ተመለሰ። ይህ መመለስ ለአንዳንዱ አንባቢ እንደ ሽንፈት ሊታየው ይችላል። ይሁን እንጂ ሕመሙ ከዋሻው ባያወጣው ኖሮ አንጾኪያ ስብከቱን ባልሰማች፣ እኛም ድርሳኑን ባላገኘን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ381 ዲቁናን፣ በ386 ቅስናን ተቀበለ። ካህን በሆነ ማግሥት ከሰበካቸው ስብከቶች አንዱ የጢሞቴዎስን የሆድ ሕመም የሚመለከት ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ልብስ ድውያንን ይፈውስ ነበር፤ ሐዋርያው ሙት አስነሥቷል። የሚወደውን ደቀ መዝሙር ግን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መከረው እንጂ በተአምር አልፈወሰውም። ስለ ምን? ቅዱስ ዮሐንስ በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየ፤ ምክንያቶችንም አንድ በአንድ ቆጠረ። ቅዱሳን በጸጋቸው ብዛት እንዳይታበዩ፣ ሕዝቡም ከሰው ተፈጥሮ በላይ አድርጎ እንዳያያቸው፣ የእግዚአብሔር ኃይል በደካሞች እንዲገለጥ፣ ሌሎች ሕሙማንም እነርሱን አይተው እንዲጽናኑ ነው ብሎ አስተማረ። ሰባኪው ይህን ሲናገር ሕመሙን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቀውም፤ ጢሞቴዎስን የሚያሠቃየው በእርሱም ሆድ ውስጥ ነበረ።

በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ሆዱ ምግብ ስለማይቀበልለት፣ ወይንም ራሱን ስለሚያሳምመው ለብቻው ይመገብ ነበር። በግብር የለመዱት መኳንንትና ካህናት ይህን እንደ ትዕቢት ቆጠሩበት፤ ከክሶቹም አንዱ አደረጉት። የማይታይ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሐሜት ያውቀዋል። እርሱ ግን የመንበሩን ወጪ ቀንሶ ለድውያን መታከሚያ ቤቶችን አሠራ፤ በእነርሱም ላይ ካህናትንና ሐኪሞችን ሾመ።

የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት በመገሠጹ ንግሥት አውዶክስያ ተቆጣችው፤ በ404 ወደ ግዞት ተላከ። ሰባ ቀን ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ በመንገድም በቂሳርያ በትኩሳት ታሞ፣ በአርመንያ ተራሮች መካከል ወዳለችው ኩኩሶስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ። የዚያ አገር ክረምት ለታማሚ ሆድ ምን እንደሚመስል ራሱ በመልእክቶቹ ጽፎታል። በአንዲት ክፍል ተዘግቶ፣ ልብስ ደራርቦ፣ ሌሊትና ቀን እሳት እያስነደደ፣ ጢሱም እያሠቃየው ከረመ። ያስመልሰዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ ምግብ ይጠላል፤ እንቅልፍም የለውም።

በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ግን ሥራውን አላቆመም። ከግዞት ከጻፋቸው መልእክታት ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑት እስከ ዛሬ አሉ። በፊንቄ ለሚሰብኩት መነኮሳት ገንዘብና ረዳት ይልክ ነበር። ለጎት ሕዝብ ስለሚሾመው ጳጳስ ይጨነቅ፣ በፋርስ ስላለው ስብከትም ይጠይቅ ነበር። ወዳጆቹ ከላኩለት ገንዘብ በኩኩሶስ ድሆችን መገበ፤ በሽፍቶች የተማረኩትን ዋጀ። ሽፍቶቹ ሲበረቱ በክረምት በረዶ ተሰድዶ ወደ አራቢሶስ ምሽግ ገባ፤ እዚያም ታመመ፤ እዚያም ጻፈ።

ከመልእክታቱ አሥራ ሰባቱ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያስ የተላኩ ናቸው። እርሷም በሰውነቷ ታማ፣ በመንፈሷም በኀዘን ተሸንፋ ሞትን እስከ መመኘት ደርሳ ነበር። የኢዮብን ትዕግሥት አስታወሳት፤ ኀዘኗን ግን ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ከሕመሙ ይልቅ እርሱን እንድትፈራ ገሠጻት። ከዚህ ጋር ጎበዝ ሐኪሞችን እንድትፈልግና መድኃኒቷን እንዳታስታጉል አጥብቆ አዘዛት። አንዲት እመቤት የላከችለት የሆድ መድኃኒት በሦስት ቀን እንዳሻለው ነግሯት እርሷም እንድትሞክረው መከራት፤ ለራሱም ተጨማሪ እንዲላክለት ጠየቀ። በየጸበሉ ቦታ መድኃኒታቸውን እንደ ኃጢአት ከሰው ደብቀው የሚውጡ ወንድሞችና እኅቶች ይህን መልእክት ቢያገኙት እላለሁ።

በ407 ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ወደ ጲጥዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ ሦስት ወር ያህል በፀሐይና በዝናብ ነዱት። በኮማና አጠገብ በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። ሰማዕቱ በሌሊት ተገልጦ በማግሥቱ አብረው እንደሚሆኑ ነገረው። ሲነጋ ጥቂት እንዲያቆዩት ቢለምናቸው እምቢ ብለው ወሰዱት። ሕመሙ ስለ ጸናበት ግን ከመንገድ መለሱት። ነጭ ልብስ ለብሶ፣ የነበረውን ልብስ በዚያ ላሉት አካፍሎ፣ ሥጋ ወደሙን ተቀበለ። እንደ ልማዱ ስለ ሁሉ እግዚአብሔርን አመስግኖ መስከረም 14 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዐረፈ። በ438 ዐፅሙ በታላቅ ክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 12 ቀን ታስበዋለች።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።