የአባ ሰንጋን መከላከያ ያበረከተው የቆዳ አልፊ ልጅ

በሐረር ጀጎል እምብርት የሚገኘው ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ትልቅ ገበያ ማለት ነው። ጊደር የሚለው ቃል በአማርኛ ከሚታወቀው የከብት ስም ጋር አይገናኝም። ሆኖም ቦታው የሥጋ ገበያ በመሆኑ የከብት ጤና በቀጥታ ይመለከተዋል። ለገበያ የሚቀርበው ሥጋ ጤናማነት የሚጀምረው ከልኳንዳ ነጋዴው ቢላዋ ሳይሆን ከገበሬው በረት ነው። የሐረርጌ ገበሬ ሰንጋ በማድለብ የታወቀ እንደመሆኑ መጠን፣ በአንድ ሌሊት ድካሙን ከንቱ ከሚያደርጉበት በሽታዎች መካከል አባ ሰንጋ አንዱ ነው። ይህ በሽታ በክትባት ሊገታ እንደሚችል በአደባባይ ያስመሰከረው ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓስተር በታኅሣሥ ወር 1822 ዶል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለና በኋላም ቆዳ እያለፋ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ልጁ በሕፃንነቱ ሥዕል መሣል ይወድ ነበር እንጂ በትምህርቱ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። በትጋት ፓሪስ ደርሶ በ1847 በዶክትሬት ተመረቀ። ሙያውም ኬሚስትሪ ነበር፤ ሐኪምም የእንስሳት ሐኪምም አልነበረም። ይህም በመሆኑ ባለሙያዎች ነን የሚሉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲያጣጥሉት ኖረዋል።

በ1849 ማሪ ሎራንን አገባ። ከወለዷቸው አምስት ልጆች ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱባቸው። በ1868 ደግሞ ገና በ45 ዓመቱ ግራ ጎኑን ሽባ የሚያደርግ ሕመም ወደቀበት። ታላላቆቹን ሥራዎች የፈጸመው ከዚህ በኋላ፣ እያነከሰ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን መጠጥ የሚፈላውም ሆነ የሚበላሸው በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ተሕዋስያን እንደሆነ አረጋግጦ ነበር። ተሕዋስያኑም ከመሰሎቻቸው እንጂ ከምንም እንደማይፈጠሩ በሙከራ አሳየ። በ1865 የሐር ትል በሽታ የደቡብ ፈረንሳይን ገበሬዎች ባደኸየ ጊዜ ወደ ሥፍራው ሄዶ፣ ጤነኛውን እንቁላል ከታመመው እንዴት እንደሚለዩ አስተማራቸው።

ስለ አባ ሰንጋ መመራመር የጀመረው በ1877 ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ የበሽታውን ባክቴሪያ ለይቶ፣ ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበት እንደ ዘር ያለ ጠንካራ ቅርጽ እንደሚሠራ አስረድቶ ነበር። ይሁን እንጂ በአንዳንድ የግጦሽ መስኮች ከብት በየዓመቱ የሚያልቅበት ምክንያት ገና አልታወቀም ነበር። ፓስተር ሻርትር በተባለች ከተማ አካባቢ በአንድ እርሻ ላይ ሲዘዋወር፣ ከሌላው ለየት ያለ ቀለም ያለው አፈር አየ። ባለቤቱም ባለፈው ዓመት የሞቱ በጎች እዚያ መቀበራቸውን ነገረው። ፓስተር አፈሩን መርምሮ፣ የምድር ትሎች የበሽታውን ዘር ከተቀበረው በድን ወደ ላይ እንደሚያወጡት ተረዳ። ገበሬዎች እርግማን አለበት ይሉት የነበረው መስክ የተበከለ መቃብር ሆኖ ተገኘ።

በ1881 አንድ የእንስሳት ሐኪም ክትባቱ በሕዝብ ፊት ይፈተን ሲል ጠየቀ። ፑዪ ለ ፎር በተባለ እርሻ ላይ 24 በጎች፣ 1 ፍየልና 6 የቀንድ ከብቶች በግንቦት 5 እና 17 ተከተቡ። በቁጥር እኩል የሆኑ በጎችና አንድ ፍየል፣ እንዲሁም 4 የቀንድ ከብቶች ሳይከተቡ ቀሩ። ግንቦት 31 ሁሉም ኃይለኛውን የበሽታ ዘር ተወጉ። ሰኔ 2 ሕዝቡ ሲሰበሰብ የተከተቡት በጎች በሕይወት ነበሩ፤ ያልተከተቡት በጎችና ፍየሉ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ሞተው ተገኙ፤ የቀሩትም በዚያው ቀን አለቁ። ያልተከተቡት የቀንድ ከብቶች ትኩሳት ይዟቸው የተወጉበት ሥፍራ ክፉኛ አበጠ፤ በተከተቡት ላይ ግን ይህ አልታየም።

የዚህ ድል ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተመረመሩት የፓስተር የሥራ መዝገቦች እንደሚያሳዩት፣ በዚያ ቀን የዋለው ክትባት የረዳቱ የሻምበርላን ዝግጅት ነበር፤ የተዳከመውም ፓስተር በይፋ ሲናገርለት በነበረው በአየር ዘዴ ሳይሆን በኬሚካል ነው። በኬሚካል የማዳከሙን መንገድ በ1880 አስቀድሞ የሞከረው የእንስሳት ሐኪሙ ቱሴን፣ የሚገባውን ድርሻ በጊዜው አላገኘም። ክትባቱ መሥራቱ ግን ሐቅ ነው።

ፓስተር በ1880 የእባጭንና የአጥንት መመርቀዝን መግል መርምሮ በሁለቱም ተመሳሳይ ተሕዋስ አገኘ። የሥጋ መቆጣት፣ ማበጥና መመርቀዝ ከባክቴሪያ እንደሚመጣ ለማወቅ ይህ ትልቅ እርምጃ ሆነ። በዚያው አሥር ዓመት የሊዮን ሊቃውንት የወጣት ከብቶችን ጭንና ትከሻ ለሚያሳብጠው አባ ጎርባ ክትባት አዘጋጁ። ፓስተር በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ በክትባት አዳነ፤ በ1888 በስሙ የተሰየመው ተቋም ተከፈተ። በመስከረም 28 ቀን 1895 አረፈ። በኢትዮጵያም በ1964 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት በቢሾፍቱ የተቋቋመው ተቋም የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ያመርታል።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ለማኅበር መሪዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ አባ ሰንጋ መሆኑ ይጠረጠራል። በድኑ መገፈፍም ሆነ መከፈት የለበትም፤ አየር ሲያገኘው ባክቴሪያው አፈር ውስጥ ለብዙ አሥር ዓመታት የሚቆየውን ዘር ይሠራልና። በባለሙያ ምክር ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል፤ ሥፍራውም ይታጠራል። ጭኑ ወይም ትከሻው አብጦ ሲነካ የሚንኮሻኮሽና የሚያነክስ ጥጃ ወይም ወይፈን በአባ ጎርባ ይጠረጠራል፤ ፔኒሲሊን ሊረዳው የሚችለው ገና በጅምሩ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱንም ለመከላከል የተሻለው መንገድ በየዓመቱ በወቅቱ ማስከተብ ነው።

ከባዱ ነገር በሬው የሞተበት ድኻ ሥጋውን ሸጦ ጉዳቱን ለማካካስ መፈለጉ ነው። ያን ሥጋ የነካና የበላ ሰው ግን በበሽታው ሊያዝ፣ ሊሞትም ይችላል፤ የነካም ካለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ስለዚህ መሪው ባለ በሬውን ከማውገዝ ይልቅ ጎረቤቶቹ የሚረዱበትን መንገድ አስቀድሞ ከአባላቱ ጋር ቢመክር፣ የተበከለ ሥጋ ወደ ጊደር መጋላም ሆነ ወደ ሌላ ገበያ እንዳይደርስ ያደርጋል።