የተመቱት ዳኛ

በአገራችን በገና ጨዋታ ጥንግ በዱላ እንደሚመታ ሁሉ፣ በካናዳም ዝርግ የጎማ ቁራጭ በበረዶ ላይ በዱላ እየገፉ የሚጫወቱት ሆኪ አለ። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በዚህ ጨዋታ ለ31 ዓመት ቅጣት ሲቆርጡ የኖሩትን የሚስተር ክላረንስ ካምቤልን ታሪክ ነው፤ ዘመኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካምቤል በ1905 በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ሕግ ከተማሩ በኋላ በሮድስ ስኮላርሺፕ ኦክስፎርድ ገቡ። በ1936 የብሔራዊው ሆኪ ሊግ ዳኛ ሆኑ። በ1937 ዓ.ም. የቦስተኑ ዲት ክላፐር በጨዋታ መካከል በቡጢ መትቶ ጣላቸው። ቅጣቱ ግን 100 ዶላር ብቻ ሆነ፤ ምክንያቱም ካምቤል ራሳቸው ተጫዋቹን አስቀድመው በክፉ ቃል መስደባቸውን አመኑ። ከታሪካቸው ሁሉ እኛ የወደድነው ይህንን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የጦር ወንጀለኞች ላይ በዐቃቤ ሕግነት ሠርተው፣ በ1946 የሊጉ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ማርች 13 ቀን 1955 በቦስተን የተደረገው ግጥሚያ ግን ስማቸውን ለዘለዓለም ከሞሪስ ሪሻር ጋር አቆራኘው። ሪሻር የሞንትሪያል ቡድን ኮከብና የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሕዝብ ኩራት ነበር። የተቃራኒው ተጫዋች ዱላ ራሱን ቢፈነክተው፣ እሱም በዱላ አጸፋውን መለሰ፤ ሊይዘው የመጣውንም የመስመር ዳኛ በቡጢ መታ። ካምቤል ከሦስት ቀን በኋላ በሰጡት ውሳኔ ሪሻርን ከቀሩት የዓመቱ ግጥሚያዎችና ከዋንጫው ውድድር ሁሉ አገዱት። የፈነከተው ተጫዋች በሜዳው ላይ ከተሰጠው ቅጣት በቀር እገዳ አልደረሰበትም።

ሪሻር ከጥቂት ወራት በፊት በቶሮንቶ ሌላ ዳኛ መትቶ 250 ዶላር ተቀጥቶ ነበርና፣ ውሳኔው መሠረት አልነበረውም ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ራሳቸው ዳኛው ሲመቱ 100 ዶላር መብቃቱን ስናስታውስ፣ ሚዛኑ አንድ ነበር ለማለትም ያስቸግረናል። የሞንትሪያል ሕዝብ ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ላይ የፈረደው ፍርድ አድርጎ ቈጠረው።

በማግሥቱ ካምቤል ማስጠንቀቂያውን ንቀው ወደ ስታዲየሙ ሄዱ። እንቁላልና ቲማቲም ወረደባቸው፤ የሚያስለቅስ ጋዝ ፈነዳ፤ ጨዋታው ተቋርጦ ድሉ ለዲትሮይት ተሰጠ፤ የሴንት ካትሪን ጎዳና ሱቆችም ተዘረፉ። ሕዝቡ እንዲረጋጋ በራዲዮ የለመነው ሪሻር ራሱ ነበር። የዓመቱን የነጥብ አንደኝነት በአንዲት ነጥብ አጣ፤ ከዚያም ወዲህ አላገኘውም።

ካምቤል በ1977 ጡረታ ወጡ። በ1980 ግን እሳቸው ራሳቸው ፍርድ ቤት ቀርበው ለአንድ ሴናተር ጉቦ ለመስጠት በመስማማት ጥፋተኛ ተባሉ። ከገንዘቡ መቀጫ ጋር የተፈረደባቸው እስራት አንድ ቀን ነበር። በ1984 ዓ.ም. ሞቱ።