ፓቭሎቭና የምራቅ ጠብታ

የጋለ ምጣድ የነካ ሰው እጁን የሚያሸሸው አስቦና መክሮ አይደለም፤ ሕመሙን በውል ሳያውቀው እጁ ተመልሷል። ሐኪም ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ ሲመታው እግር በራሱ ይወረወራል፤ ምግብ አፍ ሲገባም ምራቅ ይፈልቃል። ሰውነት ሳይታዘዝ የሚሰጠውን ይህን መልስ የሕክምና ሰዎች ሪፍሌክስ ይሉታል። ነገሩን እስከ ልማድና እስከ ትምህርት ድረስ የተከታተለው ሰው ኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ ነው።

ፓቭሎቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ዓ.ም. በሩሲያ አገር ራያዛን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ቄስ ነበሩ። ልጁ ከከፍታ ወድቆ ክፉኛ ስለ ተጎዳ ትምህርት ቤት የገባው በ11 ዓመቱ ነው። የአባቱን ፈለግ እንዲከተል የመንፈሳዊ ትምህርት ጀመረ፤ ዳሩ ግን ሴቼኖቭ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በ1863 ስለ አንጎል ሪፍሌክሶች የጻፈው ሥራ ልቡን ወሰደው። በ1870 መንፈሳዊውን ትምህርት ትቶ ወደ ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ1879ም የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድህነት ነው። በ1881 ትዳር ያዘ፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም፤ የመጀመሪያ ልጁም በሕፃንነቱ ሞተበት። በጦር ሠራዊቱ የሕክምና አካዳሚ ፕሮፌሰርነት ያገኘው በ1890፣ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው ስለ ምግብ መፈጨት ነው። የውሻን ጉሮሮ በቀዶ ጥገና ከፍቶ የተዋጠው ምግብ ወደ ውጭ እንዲወድቅ አደረገ። ጨጓራው ባዶ ሆኖ ሳለ የሚያመነጨው ፈሳሽ ይጎርፍ ነበር፤ ከአንጎል ወደ ጨጓራ የሚወርደው ነርቭ ሲቆረጥ ግን ጎርፉ ቀረ። ለጨጓራ ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ስለዚህ ሥራው በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ከሩሲያውያንም የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ።

በዚሁ ሥራ መካከል አንድ አስቸጋሪ ነገር ነበረ። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ ሳሕኑን ሲያዩ ወይም የመጋቢያቸውን ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው ይፈስ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ፈተናውን የሚያበላሽ እንከን ብሎ ባለፈው ነበር። ከረዳቶቹም አንዳንዶቹ ነገሩን በውሻው ሐሳብና ምኞት ሊተረጉሙት ፈለጉ። ፓቭሎቭ ግን ስለማይታየው መገመቱን ትቶ የሚታየውን ጠብታ መቁጠር መረጠ። በሕዝብ አፍ የቀረው ደወሉ ነው እንጂ፣ እርሱ አዘውትሮ የተጠቀመበት ሜትሮኖም የተባለውን ምት ቆጣሪ ነው። ምቱ ከተሰማ በኋላ ምግብ እየተሰጠው የቆየ ውሻ ውሎ አድሮ በምቱ ብቻ ምራቁን ያፈሳል። ምቱ ያለ ምግብ ሲደጋገም ምራቁ ይቀንስና ይደርቃል፤ ውሻው ጥቂት ካረፈ በኋላ ግን ደግሞ ይመለሳል። እንግዲህ አብሮ የሚወለድ ሪፍሌክስ አለ፤ በልማድ የሚገኝና በልማድ የሚጠፋም አለ።

በ1924 ሌኒንግራድን ጎርፍ አጥለቀለቃት። ከመስጠም ለጥቂት ከዳኑት ውሾች አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ ረስተው ተገኙ። ፓቭሎቭ ድንጋጤ ልማድን እንዴት እንደሚያፈርስ የተማረው ከዚህ ነው።

ራሱ ግን ለድንጋጤ የሚበገር ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት መንግሥት የካህናትን ልጆች ከትምህርት ሲያባርር፣ እርሱም የቄስ ልጅ ነውና፣ ያን ያህል ዘመን ያገለገለበትን የአካዳሚ ወንበር ለቀቀ። በ1934ም፣ ብዙዎች አፋቸውን በያዙበት ጊዜ፣ እስራቱንና ሽብሩን የሚቃወም ደብዳቤ ለባለሥልጣኖቹ ጻፈ። መንግሥት ቤተ ሙከራዎች ሠርቶለታል፤ ስጦታው ግን አፉን አልዘጋውም። በ1936 በየካቲት ወር በሳንባ ምች ሞተ፤ ዕድሜው 86 ነበር።

ሥራው ዋጋ አስከፍሏል፤ ብዙ ውሾች በቢላዋው ሥር አልፈዋል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ከእርሱ ለሚማር ተማሪ ግን ሁለት ነገር ተርፏል። አንደኛው፣ ፈተናን የሚያበላሽ የመሰለውን ነገር ከመጣል ይልቅ መቁጠር ነው። ሁለተኛው፣ ፍጡር ሁሉ በምግብና በፍርሃት እንደሚለምድ ያሳየው ሰው ራሱ በምግብም ሆነ በፍርሃት ዝምታን አለመልመዱ ነው።